ከደወል እስከ ቅዳሴ መውጫ

ታኅሣሥ 9 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ

ይህን ደብተር የሰጠችኝ እናትዓለም ናት። «እየቃዠህ እኔን ከምትቀሰቅስ ጻፈውና ይውጣልህ» አለችኝ። ሚስቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው የምትሠራ፤ እንቅልፍ ብርቋ ስለሆነ አልፈረድሁባትም።

እንግዲህ ልጀምር። መርስዔ ኀዘን እባላለሁ። ዕድሜዬ ሠላሳ ዘጠኝ፣ ትውልዴ ዘጌ፣ ዱሮ ዲያቆን፣ ኋላ የመንገደኛ ጀልባ ነጂ፣ ከመስከረም ወዲህ ደግሞ ሳልወድ በግዴ የጦር መርከብ ነጂ። የጦር መርከብ ስል እኔኑ ሳቄ ይመጣል። «ቀይ ንጋት» ይሏታል እንጂ ያችው የማውቃት የመንገደኛ ጀልባ ናት። ጎኗን ግራጫ ቀቧት፣ አፍንጫዋ ላይ ዲሽቃ ተከሉባት፣ ዙሪያዋን የአሸዋ ጆንያ ከመሩባት፣ እኔንም ከነመሪዬ ወረሱን። የየብሱ መንገድ ስለተቆረጠ የደምቢያ እህል ከጎርጎራ ተጭኖ በሐይቁ ነው ባሕር ዳር የሚገባ። ሦስት የእህል ጀልባ ከኋላ ይከተለናል፤ እኛ ከፊት ሆነን እናጅባለን። በሳምንት ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ። እሑድ ሞተሩ ስለሚፈተሽ ወደብ ላይ ታስረን እንውላለን።

አዛዣችን መቶ አለቃ አስናቀ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ የባሕር ኃይል ሰው፣ ምጽዋ ስትወድቅ በመጨረሻዋ ጀልባ የወጣ። ባሕር ያለቀበትን መኮንን ምን ያድርጉት? ጣናን ሰጡት። ከውሃው በታች ያለውን ድንጋይ ስለማያውቅ ያለ እኔ መንቀሳቀስ አይችልም። «መሪጌታ» ይለኛል፣ ለማሾፍ ነው፤ ክፉ ሰው ግን አይደለም።

አሁን ወደ ነገሩ። ታናሽ ወንድሜ ክንዱ ከግንባር ጠፍቶ መጥቷል። ይህን መጻፍ አልነበረብኝም፤ ጻፍሁት። አምና ከትምህርት ቤቱ በር ላይ አፍሰው ወስደውት ነበር፤ በጥቅምት በእግሩ ተመልሶ መጣ፣ ጥርስና ዓይን ብቻ ሆኖ። አሁን ከሐይቁ መካከል፣ ከገዳሙ ደሴት ላይ ነው። እኔን ዳዊት ያስደገሙኝ አባ ወልደ ሐዋርያት ከተማሪዎቻቸው ጋር ቀላቅለው ደብቀውታል። በሳምንት አራት ጊዜ በፊቱ አልፋለሁ፤ ዓይኔን ግን ወደዚያ አላዞርም።

መጥፋቱን እኔም አስቤዋለሁ። ነገር ግን ፋሲሎ ሰፈር ያለው ቤታችን ቀበሌው ዘንድ በስሜ ተመዝግቧል። እኔ ብጠፋ እናትዓለምን ነው የሚወስዷት።

ታኅሣሥ 12፣ ዓርብ

ጎርጎራ ደርሰን ተመለስን። ጤፍ፣ ሽምብራ፣ አሥራ አንድ ቁስለኛ። አንዱ መንገዱን ሙሉ «ደረስን ወይ?» ሲለኝ ዋለ። ልንደርስ ነው፣ ልንደርስ ነው እያልሁት ገና ከደቅ ደሴት ሳናልፍ ሞተ። ምን ቆርጦኝ ነው ልንደርስ ነው የምለው?

ታኅሣሥ 16፣ ማክሰኞ

ዛሬ አንድ አሣ አስጋሪ ታንኳው ላይ ሆኖ መረቡን ሲስብ አምባቸው ተኮሰበት። ሃምሳ አለቃ አምባቸው የዲሽቃችን ተኳሽ ነው፤ ዓይኑ እንደ አሞራ ነው፣ ጥይቱን ለመተኮስ የሚፈልገው ምክንያት ግን ትንሽ ነው። ወንበዴዎች በታንኳ ይሻገራሉ የሚል ወሬ አለና ታንኳ ሲያይ ደሙ ይፈላል። አሣ አስጋሪው ዘሎ ውሃ ገባ፣ እየዋኘ ወጣ። ታንኳው ግን ተበጣጠሰ። መቶ አለቃው አምባቸውን ሳይሆን ታንኳውን ተቆጣ። «ከነገ ጀምሮ በዚህ ሐይቅ ላይ ታንኳ የሚባል ነገር እንዳላይ» አለ።

ታንኳ ከተከለከለ ዳር ዳሩን ያለው ሰው በምን ሊኖር ነው? እንጨቱ በታንኳ፣ አሣው በታንኳ፣ እህሉ ወደ ወፍጮ የሚሄድ በታንኳ፣ ሬሳ እንኳ የሚሻገር በታንኳ። እናቴም ለክንዱ ስንቅ የምታደርስ በታንኳ ነው።

ታኅሣሥ 17፣ ረቡዕ

ዛሬ ደስ ብሎኛል፤ ይህን በደንብ ልጻፈው።

ጧት መቶ አለቃውን ብቻውን አገኘሁት። «ጓድ መቶ አለቃ፣ ታንኳ ከከለከሉ አገሩን በሙሉ ለወንበዴ ሰጡት ማለት ነው» አልሁት። አልተቆጣም። «እሺ፣ ሰላማዊውን ከወንበዴው በምን ልለየው? አንተ ንገረኛ፣ አገሩ ያንተ ነው» አለኝ።

ያኔ አፌ ተከፈተ። ስለ ቤተ ክርስቲያን ሲጠይቁኝ ዝም ማለት አላውቅበትም። «እሑድ የመጀመሪያው ደወል ከተደወለ ቅዳሴ እስኪወጣ ድረስ የጣና ሰው ታንኳ ውሃ ላይ አያደርግም» አልሁት። «ሊያስቀድስ የሚፈልግ ቅዳሜ ማታ ነው የሚሻገር። አሣ አስጋሪውም ቢሆን፣ ልጁ ቢታመምበት እንኳ ሕዝቡ እስኪወጣ ይጠብቃል። በዚያ ሰዓት ውሃ ላይ የተገኘ የኛ ሰው አይደለም።»

«ቅዳሴ ስንት ሰዓት ይወጣል?»

«እሑድ ሦስት ሰዓት ላይ።»

ከደረት ኪሱ ወረቀት አውጥቶ ጻፈው። ከሰዓት በኋላ ትእዛዙ ተነበበ፦ በሥራ ቀን በብርሃን የሚሄድ ታንኳ ተፈትሾ ይለፍ፤ እሑድ ከደወል እስከ ቅዳሴ መውጫ የተገኘ ታንኳ ግን ያለ ማስጠንቀቂያ ይመታ። የመጨረሻዋ ቃል ሻከረችኝ። ቢሆንም እሑድ እኛው ታስረን ነው የምንውል፤ ማን ሊመታው? አንዲት ባዶ ሰዓት ሰጥቼ ስድስት ሙሉ ቀን ተቀበልሁ። ለእናትዓለም ስነግራት «አንተ እኮ ጠበቃ ትሆን ነበር» አለችኝ።

ታኅሣሥ 23፣ ማክሰኞ

ሞተሩ አስቸገረና አዘዘ «ካላቆማችሁ ይቃጠላል» አለ። አዘዘ መካኒካችን ነው፤ ሞተር ላይ ዋሽቶ አያውቅም። መቶ አለቃው በቅርብ ያለ ወደብ ሲለኝ የት ልውሰደው? ያለው ደሴቱ ነው።

እናቴ የብርጓል እዚያው ነበረች። የደሴቱን መሬት ሴት ስለማትረግጥ እንደ ልማዷ ከታንኳዋ ሳትወርድ ከወደቡ አጠገብ ተቀምጣ፣ የበሶውን አቅማዳ አንድ ተማሪ እንዲወስድላት እየጠበቀች። ልጅዋን ማየት የምትችል ከውሃ ላይ ሆና ብቻ ነው፤ ለሁለት ወር አልነካችውም። መርከባችን ስትመጣ አይታ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች። እኔንም እንደማታውቀኝ ሆነች።

ተማሪ ሆኖ ሊቀበላት የወረደው ራሱ ክንዱ ነበር። ቆብ ደፍቷል፣ ነጠላ ተከናንቧል፤ እግሩ ላይ ግን ያ ሰማያዊ ሸራ ጫማ፣ እኔው የገዛሁለት። መቶ አለቃው ሲጋራውን እያጨሰ አየውና «መሪጌታ፣ መነኩሴያችሁ ስፖርተኛ ነው እንዴ?» አለኝ። ወታደሮቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ክንዱ አቅማዳውን ተሸክሞ ሽቅብ ወጣ፤ ወደኔ አልዞረም። አዘዘ ሞተሩን እስኪያስነሣ እኔና እናቴ በአሥር ክንድ ርቀት ላይ ሆነን አንድም ቃል ሳንነጋገር ቆየን።

የምቆጣው ጫማውን ነው። ስንት ጊዜ ነው ባዶ እግርህን ሁን የምለው? እግሩ ከግንባር ሲመጣ ቆስሎ ነበር፣ አዎ። ቢሆንስ?

ታኅሣሥ 27፣ ቅዳሜ

ወደቡ ጽሕፈት ቤት በር ላይ የሰማሁት። አንዱ ለሌላው፦ «ከጥምቀት በፊት ደሴቶቹ ይበጠራሉ። ጠፊው ሁሉ እዚያ ነው የመሸገው።» ሌላው፦ «መነኮሳቱስ?» «መነኮሳቱን ማን ነካቸው? ጢም የሌለውን ነው የምንፈልገው።»

ክንዱ ጢም የለውም። እህል ከአፌ አልገባም።

ታኅሣሥ 30፣ ማክሰኞ

ገና ትናንት አለፈ። እናትዓለም ዶሮ ሠርታ ነበር፤ በግድ ነው የበላሁ።

ሦስት ቀን አሰብሁ። ክንዱ ከደሴቱ ወደ ምዕራቡ ዳር ከተሻገረ በእግሩ ቆላ ድባ ይደርሳል። አክስታችን አገርነሽ እዚያ እህል ትነግዳለች፤ ጎተራዋ ውስጥ አንድ ሰው አይደለም አሥር ሰው ይጠፋል። ነገሩ መሻገሩ ላይ ነው። በሥራ ቀን ታንኳ ሁሉ ይፈተሻል። ማታ ማታ የጥበቃ ጀልባ አለ። ታዲያ መች?

መልሱ እጄ ላይ ነበር። እሑድ፣ በቅዳሴ ሰዓት። ዳር ላይ ሰው የለም፣ ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ነው። አሣ አስጋሪ የለም፣ ወሬ የሚያቀብል የለም። እኛ ደግሞ ወደብ ላይ ታስረናል። ሰባቱን ቀን ብፈትሽ ሐይቁ ባዶ የሚሆን በዚያች ሰዓት ብቻ ነው። ይህን ከእኔ በቀር ማን ያስበዋል?

ጥር 2፣ ሐሙስ

አባ ወልደ ሐዋርያት ጧፍ ሊገዙ ባሕር ዳር መጥተው ጊዮርጊስ አጥር ሥር አገኘኋቸው።

«በቅዳሴ ሰዓት ነው ሂድ የምትለው?» አሉኝ።

«አዎ አባ። በደወሉ ይነሣ፣ ከሁለት ሰዓት በፊት ማዶ ይሆናል።»

«እኔ ሰባ ዓመቴ ነው፤ በዚያ ሰዓት ታንኳ ሲወጣ አይቼ አላውቅም።»

«ለዚህ ነው አባ።»

ጧፋቸውን ከነጠላቸው ሥር አስገቡ። በመጨረሻ «እግዜር ይቅር ይበለን፤ እነግረዋለሁ» ብለው ሄዱ። ክንዱ የጣና ልጅ ነው፣ ብቻውን ይቀዝፋል። እሑድ ጥር 5። ዛሬ ያለ ቅዠት እተኛለሁ።

ጥር 4፣ ቅዳሜ

ስድስት ሰዓት ላይ እንነሣለን ተባለ። ዛሬ። ጎርጎራ ቁስለኛ ሞልቷል፣ እሑድ ጧት ባሕር ዳር መግባት አለባቸው።

ሞተሩስ? አልሁ። ፍተሻው ቀርቷል።

እናትዓለምን ወደ ታንኳ ተራ ላክኋት። ሄዳ ተመለሰች። የገበያ ታንኳ ሁሉ ሄዷል፤ የቀረውም እስከ ደሴቱ ዛሬ አይደርስም አሏት።

አዘዘን ጠርቼ «ሞተሩ አልነሣ ቢል ምን ይላል ሰው?» አልሁት። «ለምን አልነሣ ይላል?» አለኝ። ቀልድ ነው አልሁት። ቁስለኞች እየጠበቁን እንዴት ትቀልዳለህ አለኝ።

ፊሽካ ተነፋ።

ጥር 5፣ እሑድ

ተመለስን። አርባ ሦስት ቁስለኛ አወረድን። እህሉም ደህና ገባ።

ጥር 6፣ ሰኞ

የሆነውን እንደሆነው ልጻፍ።

ከጎርጎራ በዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ተነሣን። ሒሳቤ ቀላል ነበር፦ ከዘገየን ክንዱ ይሻገራል። «ጭጋግ አለ፣ ድንጋዩ አይታየኝም» እያልሁ ዞርሁ፤ በምሥራቅ በኩል ረጅሙን መንገድ ያዝሁ። መቶ አለቃው «ሰዎቹ እየሞቱብን ነው፣ ፍጠን» ቢለኝም አንድ ሰዓት አተረፍሁ። ደሴቱ አጠገብ ስንደርስ ሁለት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው።

ታንኳዋን አምባቸው ነው ያያት። ሩቅ ነበረች፣ በጣም ሩቅ። አንድ ሰው። ፊቱ አልታየም። መቶ አለቃው ጥቂት ጠየቀኝ፣ የጠየቀኝን መለስሁ። አምባቸው ሁለት ጊዜ ለቀቀው። ቁስለኛ ስለጫንን አላቆምንም።

እንግዲህ፦ ክንዱ በደወሉ ተነሥቶ ከሆነ በዚያ ሰዓት ማዶ ወጥቶ ሽሮ እየበላ ነው። ክንዱ ሲቀዝፍ ፈጣን ነው፤ ልጅ ሆኖ እኔን ይቀድመኝ ነበር፣ አሥራ ስድስት ዓመት ታላቁ ሆኜ። ስለዚህ ያ ሌላ ሰው ነው። አምባቸውም ቢሆን ሩቅ ይስታል። ሰውዬውም ዋናተኛ ሊሆን ይችላል፤ ያ አሣ አስጋሪ ዋኝቶ ወጥቶ የለም?

ከቆላ ድባ ወሬ እስኪመጣ መጠበቅ ነው።

ጥር 9፣ ሐሙስ

ራዲዮኑ ስለ ባሕረ ሰላጤው ጦርነት ሲያወራ ዋለ። መቶ አለቃው ጆሮውን አስጠግቶ የጦር መርከቦችን ስም ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔ የምሰማው የለኝም።

ከደሴቱ ወዲህ የተበተነ ደንገል ሲንሳፈፍ አገኘን፤ ግማሽ ታንኳ ነው። ደንገል አይሰጥምና። አምባቸው በሜንጦ ጎተተው። አንድ አቅማዳ ታስሮበታል፣ ውስጡ በሶ፣ ሊጥ ሆኗል። ከአቅማዳው ጋር በክሩ የተቋጠረ ሰማያዊ ሸራ ጫማ። ታንኳ ላይ ጫማ የሚያደርግ የለምና አውልቆ አስሮት ነው።

እንዲህ ያለ ጫማ ባሕር ዳር ውስጥ ሺህ አለ። ሱቁ ሁሉ ሰማያዊ ነው የሚሸጥ። ቁጥሩ አርባ አንድ፤ አርባ አንድ የማያደርግ ማን አለ?

አምባቸው ፀሐይ ላይ አሰጣው። ማታ ሲለካው ልኩ ሆነ።

ጥር 11፣ ቅዳሜ፣ ጥምቀት

ፈቃድ አልሰጡኝም። ታቦታቱ ወደ ሐይቁ ዳር ሲወርዱ ከመርከቧ ላይ ሆኜ አየሁ። እናቴ ሕዝቡን እየጣሰች ወደቡ አጥር ድረስ መጣች። ዘበኛው አላስገባም ስላላት በሽቦው ውስጥ «እንግዳው ገባ ወይ?» አለችኝ።

«ገብቷል» አልኋት።

እልል ማለት ፈልጋ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሕዝቡ እልል ሲል ከሱ ጋር አብራ ለቀቀችው።

ለምን ገብቷል አልሁ? ወሬ አልመጣም ማለት አይቻልም ነበር? አንተ ሰው፣ አፍህን የሚይዝልህ ማን ነው?

ጥር 20፣ ሰኞ

ጎርጎራ ላይ እህል ከሚያስጭኑት አንዱ የቆላ ድባ ሰው ነው። የአገርነሽን መልእክት አደረሰልኝ፦ «እልካለሁ ያልኸው እንግዳ መች ነው የሚመጣው? ቦታውን አሰናድቼ እየጠበቅሁ ነው» ብላለች።

መንገድ ተዘግቶበት ሌላ ቦታ አርፎ ይሆናል። ደልጊ አካባቢ ዘመድ አለን፣ የሩቅ ነው እንጂ። ወይም ወንበዴዎቹ ይዘውት አብሯቸው ሄዶ ይሆናል፤ ይህም ይሆናል።

ደሴቶቹ ባለፈው ሳምንት ተበጥረዋል። አሥራ አራት ልጅ አወጡ። በአምባቸው ጫማ ፊት ቆሞ መሪ መያዝ አቃተኝ፤ ሆዴን አሞኛል ብዬ አዘዘን ተክቼ ቁጭ አልሁ።

ጥር 28፣ ማክሰኞ

እናትዓለም የማታ ተረኛ ናት። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ይህን ካልጻፍሁት የሚያፈነዳኝ ነገር አለ።

ዛሬ መቶ አለቃው ከመሪው አጠገብ መጥቶ ቆመ። ከታች አምባቸው ጆንያ ላይ ተቀምጦ እግሩን ያወዛውዛል። መቶ አለቃው የአምባቸውን እግር እያየ በዝግታ «ያ ስፖርተኛው መነኩሴ ደህና ነው?» አለኝ።

መሪውን ጥቂት ወደ ግራ መለስሁ።

«ምን ነበር ያንተ?»

«ወንድሜ» አልሁት። በነበር ስለጠየቀኝ በነበር መለስሁ፤ «ወንድሜ ነበር።» ያኔ ነው የሰማሁት። ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ ከራሴ የደበቅሁትን አፌ በአንዲት ቃል አወጣው።

መቶ አለቃው ባርኔጣውን አውልቆ እንደገና ደፋ። «እኔ እኮ ጠይቄህ ነበር» አለኝ። «ጠይቄህ ነበር፣ መሪጌታ።» ሊወቅሰኝ አልነበረም፤ እሱም መላቀቅ ፈልጎ ነው።

ጠይቆኛል። ያንን ነው ጥር 6 ቀን «ጥቂት ጠየቀኝ» ብዬ የዘለልሁት። መነጽሩን ከዓይኑ አውርዶ «አንድ ሰው ነው፣ ይቀዝፋል። ቅዳሴ ወጥቷል ወይ?» ነው ያለኝ። ከደሴቱ ደወል አልሰማንም፣ ሞተሩ ይጮሃል። ሰዓቱ ሁለት ነው፣ እሱም ሰዓት አለው፤ ግን ልማዱን የሚያውቅ እኔ ነኝ። «ወጥቷል» ብል ያምነኝ ነበር። «ዛሬ በዓል ነው፣ ቀደም ብለው ይወጣሉ» ብል ማን ያጣራብኛል? አምባቸው? ለማትረፍ የምትበቃ አንዲት ቃል ናት።

«አልወጣም» አልሁ።

ለምን? ፈርቼ ነው እል ነበር፤ አዎ ፈርቻለሁ፣ ሳመነታ ቢያዩኝ ይጠረጥሩኛል ብያለሁ። ክንዱ ቀድሞ ተሻግሯል ብዬ አምኜም ነበር። ግን እውነቱን ልናገር፦ ሳላስብ ነው ያልሁት። ስለ ቅዳሴ የጠየቀኝን ሰው ዋሽቼ አላውቅም። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ስጠየቅ እንደተማርሁት እመልሳለሁ። ለነፍሱ ስንት ውሸት የዋሸሁለትን ልጅ፣ በመጨረሻዋ ሰዓት በእውነት ገደልሁት። ጎሽ፣ መርስዔ።

ደግሞ ባልዘገይ ኖሮ? ቀጥታውን መንገድ ይዤ እንዳለኝ ብፈጥን ደሴቱን ገና በንጋቱ አልፈነው ነበር። ያን አንድ ሰዓት ለፍቼ፣ ዞሬ ዞሬ፣ ከፊቱ አምጥቼ ያቆምኋት እኔ ነኝ።

መቶ አለቃው ሊሄድ ሲል «በፈለግህ ቀን ደሴቱ ጋ አቁም፣ ውሃ እንቀዳለን እላለሁ» አለኝ።

የካቲት 6፣ ረቡዕ

ጾም ገብቷል። ከመድፉ ድምፅ የተነሣ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። መኮንኖቹ ሚስቶቻቸውን ወደ አዲስ አበባ እየሸኙ ነው። እኛን ግን በሳምንት አራት ጊዜ አድርገውናል። እናትዓለም «ምን ሆነሃል?» አለችኝ። ጾሙ ነው አልኋት።

አምባቸው ትናንት «መሪጌታ፣ ለምንድን ነው እግሬን የምታየው?» አለኝ።

እናቴ በየሳምንቱ ስንቅ እያሰናዳች ለቆላ ድባ ነጋዴዎች ትሰጣለች አሉ። ነጋዴዎቹ ይበሉታል።

የካቲት 14፣ ሐሙስ

ዛሬ መቶ አለቃው ሳልጠይቀው «ደሴቱ ጋ አቁም፣ ውሃ እንቅዳ» አለ። ቀኑን ቆጥሮ ይሁን እንጃ። እኔ ግን ቆጥሬያለሁ።

እናቴ ታንኳዋ ውስጥ ነበረች። ለማን መጣሽ አይባል፤ ልጅዋ እዚያ እንደሌለ ታውቃለች። አባ ወልደ ሐዋርያት ልከው አስጠርተዋት ነው። እሳቸው ከድንጋዩ ላይ ቆመው ነበር፤ አንድ ተማሪ መጽሐፍና ጧፍ ይዞ ከኋላቸው። ወታደሮቹ በርሜል ይዘው ወደ ላይ ወጡ። እኔ መሪውን ለቅቄ ወደ መርከቧ ጠርዝ መጣሁ።

«የብርጓል፣ ያን ቀን ተኩሱን ከቅኔ ማሕሌት ሆኜ ሰምቻለሁ» አሏት አባ። «ይመጣል፣ ይልክብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ዛሬ አርባ ቀን ነው። በጾም ድግስ የለም፤ ጸሎቱ ግን አይቀርም። የክርስትና ስሙን ስጭኝ።»

«ልጄ ቆላ ድባ ነው» አለች እናቴ።

«ስሙን ብቻ።»

«ልጄ ቆላ ድባ ነው፣ አባ። ገብቷል ብሎኛል። እሱን ይጠይቁት» ብላ በአገጯ ወደኔ አመለከተች። ከጥቅምት ወዲህ በሰው ፊት ልጅነቴን ያሳየች ያን ጊዜ ነው።

አባ ወደኔ ዞሩ። እሳቸው የሚያውቁት ክንዱ ሲባል ነው። ሲጠመቅ ግን እኔ ዲያቆን ሆኜ ጧፍ ይዤ ቆሜ ነበር፤ ቄሱ ስሙን ሲያወጡለት በመጀመሪያ የሰማሁ እኔ ነኝ።

«ገብረ መስቀል» አልሁ።

አባ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «በየትኛው ልጥራው?» አሉኝ። «ከሕያዋን ነው ከሙታን?»

እናቴ መቅዘፊያዋን በሁለት እጇ ይዛ ታየኛለች። ይህን ጥያቄ በውሸት መመለስ እችል ነበር፤ ትናንትና ብሆን እመልሰው ነበር።

«ከሙታን» አልሁ።

አባ መጽሐፉን ተቀብለው ሽቅብ ወጡ። ሞተሩ ጠፍቶ ስለነበር የእግራቸው ኮቴ እንኳ ይሰማል። እናቴ አላለቀሰችም። ታንኳዋን በአንድ ቀዘፋ ወደ መርከቧ አስጠጋችና እጇን በመርከቧ ግራጫ ጎን ላይ አሳረፈች፤ ሽቅብ አየችኝ።

«ማን ነገረህ?» አለችኝ።

ወርጄ ከታንኳዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። ነገርኋት።